አክስቴ ያቀኑት አፍንጫ

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ እንደገባሁ፣ መምህራችን እያንዳንዳችን በመረጥነው ርዕስ ላይ ክፍል ፊት ቆመን እንድንናገር አዘዙን። ብዙዎቹ ስለ ዋልያ አቀረቡ። እኔ መምህሩን ለማስደሰት ስል ፕላስቲክ ሰርጀሪን መረጥሁ። ሐኪም አፍንጫ እንዴት እንደሚያቀና፣ ከሆድ የተመጠጠ ስብ የት የት እንደሚሞላ ሳይቀር ተናግሬ «ጥያቄ ያለው?» አልሁ።

አንዲት ልጅ ከኋላ እጇን አወጣች። «ያንተን የጀመረው ሐኪም ሳይጨርስ ነው እንዴ የሄደው?»

ክፍሉ ሳቀ። እውነትም አፍንጫዬ ወደ ግራ ያዘነብላል። የእህቴም የወንድሞቼም እንዲሁ ስለሆነ የዘር ነው ብዬ እኮራበት ነበር።

ቅዳሜ ዳባት፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄድሁ። እህቴ ሴት ልጅ ወልዳ እናታችን ቤት አራስ ናት። የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን ቅቤ ይቀባሉ። በእኛ ቤት የሕፃን አፍንጫ ሰልካካ እንዲሆን በቅቤ እየታሸ ይሳባል፤ ሥራውም የአክስቴ ነው። «እስከ ክርስትና አጥንቱ ሊጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ይደርቃል» ይላሉ።

አራስ ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤትም ሁለት ልጆቿን ይዛ ተቀምጣለች። ልጆቹ በሥጋ አይዛመዱንም፤ አፍንጫቸው ግን ወደ ግራ ነው።

«እነዚህን ማን አሻቸው?» አልሁ።

«ማን ይኖራል? እኔ ነኛ!» አሉ አክስቴ ኮራ ብለው።

ያን ጊዜ ገባኝ። አክስቴ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ተቀምጠው ወደ ራሳቸው ይስባሉ። የሕፃኗ አፍንጫ ገና ቀጥ ያለ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ዛሬ ሊጀምሩ ነው። ታላቅን ሰው «ያጣምማሉ» ማለት ነውር ነው። በዘዴ ሞከርሁ።

«እትዬ፣ ሐኪሞች ግራና ቀኙን እየለኩ ነው አሉ የሚሠሩት።»

«ስንት ጊዜ ተማርህ?»

«ሁለት ወር።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ሳብሁ።»

እህቴ በዓይኗ ለመነችኝ። አክስቴ ስፌት ሲሰፉ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላ እንደማይጀምሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «እትዬ፣ የኔ እኮ አላለቀም» አልሁ። «ክፍል ውስጥ ጅምር ነው ብለው ሳቁብኝ።»

«የኔ እጅ ሥራ? ጅምር?» አገጬን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩኝ። «ትንሽ ቀርታለች» አሉ። «እንግዲህ አንተን ሳልጨርስ ሌላ አልነካም!»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአክስቴ ፊት ተቀመጥሁ። ቅቤው ቀልጦ ከንፈሬ ላይ ይወርዳል። እናቴ «የሱ አጥንት ደርቆ የለም ወይ?» ብላ ብትስቅ፣ አክስቴ «የተማሪ አጥንት አይደርቅም፤ ቁጭ ብሎ ነው የሚውል» አሉ። ወደ ደባርቅ ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት ሽታው ደርሶት «ቅቤ የያዘ ሰው! ላይ ይጫን!» ብሎ ጮኸ። የኔ ቅቤ ያለው አፍንጫዬ ላይ ነው፤ ገብቼ ተቀመጥሁ።

በሰማንያ ቀኗ ሕፃኗ ክርስትና ተነሣች። አፍንጫዋ እንደተፈጠረ፣ ቀጥ ብሎ ነበር። እንግዶቹ ሕፃኗን እየተቀባበሉ «እጅዎ ይባረክ! እንዲህ ያለ ሠርተው አያውቁም!» አሏቸው።

አክስቴ ነካሁም አልነካሁም ሳይሉ «አሜን» አሉ።

ወዲያው ሁለት እርጉዞች ከበቧቸው። «የኔንም አደራ» አለች አንደኛዋ ሆዷን ይዛ። ልናገር አፌን ስከፍት እህቴ እግሬን ረገጠችኝ። አክስቴ ግን በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«ይኼ ገና አላለቀም። ከሱ በኋላ ተራ ያዙ።»

ሁለቱም ሴቶች ዞረው አፍንጫዬን ትክ ብለው አዩት።

«በየቀኑ ቢመጣስ?» አለች ሆዷ የገፋው።