ስንት ትራስ ይንተራሳሉ?

ተማሪዎቹ «ዶክተር ቶሎ ቶሎ» ይሉታል። ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ የሚለውን ተረት አስበው እንዳወጡለት ያውቃል፤ ግን ለመቀየም እንኳ ጊዜ የለውም። ሻዩን ቆሞ ይጠጣል፣ ስልክ ሲያወራ ኮሪደሩን ከዳር ዳር ይለካል። የቢሮው ወንበር እንደተገዛ አለ።

የሆስፒታሉ ክፍሎች ለእድሳት ሲዘጉ ሠላሳ የሕክምና ተማሪዎች በሽተኛ ሳያዩ ዓመቱ ሊያልፍባቸው ሆነ። «በኮምፒውተር አለማምዳቸዋለሁ» ብሎ ደረቱን የነፋው እሱ ነው። የሕክምና ኮሌጁ ዲንም «ዓርብ መጥቼ አያለሁ፤ ካላሳመነኝ ዓመቱን ይደግማሉ» አለው። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ ጭራሽ ቀረ። ሃያ ጥያቄ ያለው ዝርዝር አዘጋጀ፤ ከዝርዝሩ የወጣ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል። በሽተኛ ሆና የምትተውነው ታላቅ እህቱ ናት፤ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው። የምትተውነውን የሆድ ሕመም ጽፎ አስጠናት።

ዓርብ ረፋድ ላይ ዲኑ ወደ ዶክተሩ ቢሮ መጣ። እህቱ ከማዕድ ቤቷ ሆና በስክሪኑ ብቅ አለች። ተማሪዎቹም ከየቤታቸው በየተራ ጠየቁ፤ እሷም የተጠናውን አንድም ሳትስት መለሰች። ዶክተሩ ከዲኑ ጀርባ እየተንጎራደደ ምልክት ያደርጋል። ነገሩ ሁሉ እንደ ልቡ ሆነለት።

የመጨረሻዋ ተማሪ ኔትወርኳ ስለሚቆራረጥ ምስሉን ዘግታ ድምፅ ብቻ ነው የምትከታተለው።

«እማማ፣ ሲተኙ ስንት ትራስ ነው የሚንተራሱት?»

«ከዝርዝሩ ውጪ ነው!» አለ ዶክተሩ። «ነጥብ ይቀነስብሻል። ወደ ሆዷ ተመለሺ።»

«ይቅርታ ዶክተር። ግን ከመጀመሪያው እየሰማኋቸው ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ባንድ ትንፋሽ አልጨረሱም።»

«ሦስት» አለች እህቱ ቀስ ብላ። «ድሮ አንድ ይበቃኝ ነበር። አሁን ጋደም ስል ያፍነኛል።»

«እግርዎትስ ያብጣል?»

«ጫማ እምቢ ካለኝ ሁለት ሳምንቴ፣ ልጄ።»

ዶክተሩ ክው አለ፤ ይህ የሆድ ሳይሆን የልብ ድካም ምልክት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በዚሁ ስክሪን አለማምዷታል። መሐል ላይ ቆም እያለች ስትተነፍስ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሰዓት እየሄደ ነው» ያላት እሱ ነው።

«እትዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጀምሬልህ ነበር እኮ። ‹ከጽሑፉ አትውጪ› አልከኝ።»

ቤቷ ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው። ዲኑን ሳያስፈቅድ ሮጦ ወጣ። ዲኑ አምቡላንስ እየጠራ ተማሪዎቹን «ማንም እንዳይዘጋ!» አላቸው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መምህራቸውን በበሽተኛዋ ስክሪን ላይ አዩት። ተንበርክኮ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቱ ተጫነ። ጣቱን ቢያነሳም ስርጉዱ እዚያው ቀረ።

«አምቡላንሱ ሳይመጣ ቶሎ ብዬ ልብሴን ልቀይር?» አለች እህቱ፣ ልትነሳ እያለች።

«የለም እትዬ፣ ቀስ በይ።»

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። የእጇን የደም ሥር ይዞ ወደ ካሜራው ዞረ።

«ቀጥይ፣ ልጄ» አላት ተማሪዋን። «ጠይቂያት። እኔም ልስማ።»