ልጄ ያየው ዓሣ አንበሪ

በ1978 ዓ.ም. በጾመ ነነዌ ሰሞን፣ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ዓመት ያለፈው ብቸኛ ልጄ ከአሰብ ደብዳቤ ላከልኝ። ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለው ቤቴ ብቻዬን ነበርኩ፤ በሕይወት መኖሩንም አላውቅም ነበር። ሙስሊሙ ጎረቤቴ አነበቡልኝ። ልጄ በሸራ በምትሄድ የእንጨት ጀልባ ባሕር ገብቶ፣ ቤት የሚያህል ዓሣ አንበሪ ውሃ ወደ ላይ ሲረጭ አይቷል። ስለ ጦርነቱ አንድም ቃል አልጻፈም።

«ዮናስን የዋጠው ነው?» አልኩ ፈርቼ።

«እሱማ ነቢዩ ዩኑስን መልሶ ተፍቷል፤ ያንቺን ልጅ ምን ያደርገዋል፣ እህቴ?» አሉኝ።

ስቄ ተመስገን አልኩ። እሳቸው ሲሄዱ ግን ቤቱ ጭር አለብኝ፤ ደብዳቤው ከተጻፈ አራት ወር ሆኖታል።

በማግስቱ ጠዋት መልስ አስጻፍኩ። ሌላ ደብዳቤ እንዲልክልኝ ብዬ፣ «ዓሣ አንበሪውን ደግመህ ካየኸው ንገረኝ» አልኩት።