ደጃፍ ላይ ያለው መሠዊያ

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ጌታ ይባረክ። ልመሰክር ፈልጌ ነው የቆምኩት፤ የምመሰክረውም ስለ አንድ በር ነው። ያ እዚያ የሚታየው፣ አረንጓዴው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ በር። አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ ከእሱ ጋር ነው። ባለቤቴን ታደለችን አድርሼ፣ ግንቡን ተደግፌ፣ አምልኮው እስኪያልቅ የምጠብቃት ሰውዬ እኔ ነኝ። ዘበኛ መስያችሁ ጃንጥላ ያስያዛችሁኝም አላችሁ። ይቅር ብያችኋለሁ።

በቀለ እባላለሁ፣ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። ከአስኮ እስከ ዓለም ባንክ ከምታዩት የድንጋይ አጥር ውስጥ የእኔ እጅ ያረፈበት ብዙ ነው። የቱ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ቱንቢ ይጣልበት፤ ካልተዛነፈ የእኔ ነው። ይህን የምላችሁ ለጉራ አይደለም፤ ችግሬም እዚያው ስለነበረ ነው።

ያደግኩት በኦርቶዶክስ ቤት ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ዛሬ ንጹሕ አይደለሁም" ያለች ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆማ ትሳለማለች። እኔም ቀሚሷን ይዤ አብሬያት እቆማለሁ። ካህኑ ሲያጥን ሽታው በነፋስ እኛ ድረስ ይመጣ ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር። በልጅ ልቤ ግን አንድ ነገር ያዝኩ። ዕጣኑ ያለው ውስጥ ነው፣ ንጹሕ ያልሆነ ሰው ቦታው ደጅ ነው። እናቴ ያን ያደረገችው አክብራ ነው፤ በሌላ ቀን ትገባለች። እኔ ግን እንደቆምኩ ቀረሁ።

ታደለች ጌታን ስታገኝ አልተቃወምኳትም። "አንተስ?" ስትለኝ "መጀመሪያ ልጠረብ" እላታለሁ። ድንጋይ ሳይጠረብ ግንብ ላይ አይወጣም፤ ቁጣዬን ልቀንስ፣ ምላሴን ላስተካክል፣ ያኔ እገባለሁ። እሷ ደግሞ ትስቃለች። "አንተ ሰው፣ መዶሻውም አንተ፣ ድንጋዩም አንተ፣ እንዴት አድርገህ ነው የምትጠረበው?"

በቤታችን መጸለይ የእሷ ሥራ ነበር። ማዕድ ላይ እሷ፣ ልጆች ሲታመሙ እሷ። የእኔ ድርሻ "አሜን" ማለት ነው፤ እሱንም ዝቅ አድርጌ።

ከዚያ አንገቷ ማበጥ ጀመረ። እንቅርት ነው ብለን ችላ አልን። እያደር ተኝታ መተንፈስ ሲያቅታት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ፣ "እብጠቱ የመተንፈሻ ቧንቧዋን እየገፋው ነው፣ መውጣት አለበት" አለኝ። "ግን አልዋሽዎትም፣ ቦታው አስቸጋሪ ነው። ስናወጣው የድምፅ ነርቯ ሊጎዳ ይችላል። ለሕይወቷም ቢሆን አያሰጋም አልልዎትም።"

ከታክሲ ወርደን ፌርማታው ላይ ቆም አለችና፣ "እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የምትጸልየው አንተ ነህ" አለችኝ።

"እኔ? ምን ብዬ?"

"እኔ እንጃ። ድምፅ የሚተርፈው ላንተ ነው።"

ወገኖቼ፣ ያን ቀን ፈራሁ። ሞቷን ብቻ አይደለም የፈራሁት። ጸሎቷ ከቤቴ ከወጣ የሚተካው ሰው የለም፣ ያለሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ደጅ ነኝ።

እሑድ እንደ ልማዴ በሩ ላይ ቆምኩ። ወንጌላዊ ሙሉጌታ ስለ ጥንቱ የእስራኤል አምልኮ ሲያስተምር በድምፅ ማጉያው እሰማለሁ። "እግዚአብሔር የድንጋይ መሠዊያ ስትሠሩልኝ ድንጋዩን አትጥረቡት፣ መሣሪያ ካነሣችሁበት ይረክሳል አላቸው" አለ። ተናደድኩ። ዕድሜዬን የፈጀሁበት ሥራ እንዴት ያረክሳል? ሲወጣ በሩ ላይ ያዝኩት።

"ወንጌላዊ፣ መጥረብ ኃጢአት ነው እንዴ?"

ሳቀ። "አይደለም ጋሽ በቀለ። ግን እዚያ ቦታ ላይ ሰው 'ይሄ የእኔ እጅ ነው' የሚልበት ነገር እንዲኖር አልፈለገም ብዬ አስባለሁ። ድንጋዩን ከሜዳ እንዳለ ነው የሚያነሱት።"

ታደለችን ይዤ ሄድኩ። ነገሩ ግን አልለቀቀኝም።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት ታደለችን አስገብተው በሩን ዘጉብኝ። እዚህም ደጅ። ወንጌላዊ ሙሉጌታ መጥቶ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። "ጸልይልን" አልኩት። "እጸልያለሁ፤ ግን እሷ የጠየቀችው እርስዎን ነው" አለኝ።

"እኔ ንጹሕ አይደለሁም። ጸሎት እንደ ዕጣን ነው ትሉ የለ? ዕጣኑ ውስጥ ነው፣ እኔ ውጭ ነኝ።"

"ልክ ነው፣ የዕጣኑ መሠዊያ ውስጥ ነበር፣ በወርቅ የተለበጠ። ግን ጋሽ በቀለ፣ ዕጣን ያለ ፍም ምንድነው?"

"ሙጫ ነዋ።"

"ሊቀ ካህናቱ በስርየት ቀን ዕጣን ሲያጥን ፍሙን ከየት ያመጣ ነበር? ደም ከሚፈስበት፣ መሥዋዕት ከሚቃጠልበት መሠዊያ። ያኛው የት እንደነበር ያውቃሉ? ውጭ፣ የመገናኛው ድንኳን ደጃፍ ፊት ለፊት። ሰው ከግቢው በር ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።"

"ያ ያልተጠረበው ድንጋይ ነው?"

"አይ፣ የድንኳኑ በናስ የተለበጠ እንጨት ነው። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ሰው ከእነበደሉ ነው ወደሱ የሚመጣው። የእኛ መሥዋዕት ኢየሱስ ነው፤ አንዴ ቀርቧል።"

ወገኖቼ፣ አንድ ዕድሜ ሙሉ ደጅ ቆሜ መሠዊያው ደጅ እንደነበረ አላወቅኩም። ጌታ ይባረክ። የምጠረብበትን ቀን ስጠብቅ ጌታ ራሱ እኔ በቆምኩበት በኩል ወጥቶ ኖሯል። እዚያው አግዳሚ ላይ አለቀስኩ፤ ሰው ያያል አላልኩም። ከዚያ ጸለይኩ። ጸሎቴ ይህ ነበር፦ "ጌታ ሆይ፣ በቀለ ነኝ። አልተጠረብኩም። እንዳለሁ ተቀበለኝ። ታደለችን አደራ።" ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ሐኪሙ ወጥቶ፣ "በሰላም ወጥቷል፣ ትተርፋለች። ድምፅዋን ግን ጊዜ ነው የሚያሳየን" አለ። እሷ ተረፈች፣ ድምፅዋ ግን ጠፋ። ቤት ገባን። ማዕድ ቀረበ፣ ልጆቹ ሁሉ እኔን አዩኝ። ጸለይኩ። የእኔን ጸሎት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ፣ ቱንቢ አይጣልበትም። ሲረዝምባት ታደለች በክርኗ ትጎስመኛለች። እንዲህ እያልን ከረምን። እኔ እጸልያለሁ፣ እሷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

አንድ ምሳ ላይ ጸልዬ ስጨርስ ከጎኔ "አሜን" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሻካራ ነው፣ እንደ ድንጋይ። ቀና ስል ታደለች እንባዋ እየወረደ ነው። በአሜን ነው ድምፅዋ የተመለሰው። ሃሌሉያ። እንደ ድሮው መዘምራን ውስጥ አትዘምርም፤ ይሄንንም አልደብቃችሁም። ግን ትናገራለች፣ ትጸልያለች፣ ትቀልድብኛለችም። ይኸው ከፊት ተቀምጣለች፤ አሁንም "ረዘመ" እያለችኝ ነው።

ስለዚህ ልጨርስ። ቃሌ በሩ ላይ ቆማችሁ በድምፅ ማጉያ ለምትሰሙኝ ነው። ያን ግንብ አውቀዋለሁ፣ ጀርባ ያቀዘቅዛል። ስስተካከል እገባለሁ እያላችሁ ከሆነ፣ እኔም እንደዚያ እል ነበር። የቆማችሁት ከመሠዊያው አጠገብ ነው። እንዳላችሁ ኑ፣ ግቡ። ታደለች ጎን ቦታ አለ፤ ከገባሁ ወዲህ የእኔ ነበር፣ ለእናንተ ለቅቄላችኋለሁ።