ከላያችን ያለፈው በረራ

ወንድሜ ከጆሃንስበርግ በተነሳበት ቅዳሜ፣ እናቴና እኔ ሶዶ ቤታችን በረንዳ ላይ ቦሎቄ እየፈለፈልን ነበር። ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ ሊመጣ ነው። እናቴ በየመሀሉ "አሁንስ የት ደረሰ?" ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ስልኬን ከፍቼ ካርታው ላይ የምትሄደውን ትንሽ አውሮፕላን አሳያታለሁ። እስከ ቦሌ ከአራት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ፣ አምስት ሰዓት ከምናምን ይላል።

"ከቦሌ እዚህ በመኪናስ?" አለችኝ።

"መንገዱ ከተበላሸ ከዚያም ይበልጣል።"

ሳቀች። አውሮፕላኑ ኬንያን አልፎ አባያ ሐይቅ አካባቢ ሲደርስ፣ "እማ፣ አሁን በላያችን ሊያልፍ ነው" አልኳት። ሁለታችንም ቀና አልን። ሰማዩ በደመና ተሸፍኗል፤ ምንም ድምፅ አልነበረም።

ያኔ ከጓሮ "እማ!" የሚል ጥሪ መጣ። የወንድሜ ድምፅ ነው። ልጅ ሳለ ሲርበው ይጣራ እንደነበረው አድርጎ በወላይትኛ ደገመው።

የያዝኩት ቦሎቄ ከእጄ ተበተነ። እናቴን አየኋት፤ እሷም ሰምታለች። ተነስታ ቤቱን ዞራ ወደ እንሰቱ ሄደች። እኔ የተበተነውን ቦሎቄ እየለቀምኩ ቀረሁ። ቆይታ ስትመለስ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራለች።

"ማነው?" አልኳት።

"ማንም የለም።"

ገብታ ተንበርክካ መጸለይ ጀመረች። እኔ ወንድሜ የሞተ መሰለኝ። ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ያቺ አውሮፕላን ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። እሱ ራሱ ከቦሌ ደውሎ "ደርሻለሁ" እስኪለኝ ድረስ ዓይኔን ከስልኩ አላነሳሁም። ለእናቴ ስነግራት "ጌታ ይመስገን" አለች እንጂ ፊቷ አልተፈታም።

በማግስቱ ከሰዓት ገባ። ወፍሯል፤ ፀጉሩም ሳስቷል። ተቃቅፈን አልቀስን። ምግብ ቀርቦለት እየበላ ስለ ጉዞው ያወራን ጀመር።

"አውሮፕላኑ ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ናት 'በእንቅልፍህ እየተጣራህ ነው' ብላ የቀሰቀሰችኝ። በህልሜ እዚህ ጓሮ፣ እንሰቱ ውስጥ ቆሜ እማን ስጣራ ነበር።" ወደ እናቴ ዞረ። "ወጣሽ እኮ! ትክ ብለሽ አየሽኝና ዝም ብለሽ ተመለስሽ። ምነው?"

እየሳቀ ነው የጠየቃት። ስለ ትናንቱ ገና አልነገርነውም። እናቴ ማንንም እንዳላየች ትነግረዋለች ብዬ ጠበቅኩ።

"አባትህ መስለኸኝ ነው" አለችው።

አባታችንን የቀበርነው ወንድሜ አገር ሳይለቅ ነው። የጎረሰውን ሳያላምጥ ወደ እኔ አየ። ውሃ ቀዳሁለት።

በጊፋታ ሰሞን ከቤታችን ዘመድ አልጠፋም። ወንድሜን እያቀፉ "ቁርጥ አባቱን!" ባሉ ቁጥር እናቴ ቀስ ብላ ተነስታ ወደ ውስጥ ትገባ ነበር።