የኔታ ወልደተንሣኤ ወንበር የሆኑ ጊዜ

የኔታ ወልደተንሣኤ የሰላ ድንጋይ ገበሬ ልጅ ናቸው። አንኮበር ላይ ሕግ ሲያስተምሩ ሸበቱ። ከደብሩ ቅጥር፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አንዱን አንቀጽ ሲተረጉሙ ካህኑም ወታደሩም ቆሞ ያዳምጣቸው ነበር። ከአድማጮቻቸው አንዱ ፊታውራሪ ገብረአብ፣ በ1878 ዓመተ ምሕረት ለንጉሡ ግቢ ተናግረው ወንበር አሾሟቸው። ወንበር ማለት ያን ጊዜ ሙግት ሰምቶ የሚፈርድ ሹም ነው።

የኔታ ግን አመነቱ። ባለቤታቸው ዘርፈሽዋል፣ «ዕድሜዎን ሙሉ ስለ ፍርድ ሲናገሩ ኖሩ፤ እንግዲህ ይፍረዱ እንጂ!» አሏቸው።

መጀመሪያ ላይ ተቸገሩ። አንድ ቀን ፍርዱን በግዕዝ ጀምረው ሲያራቅቁት ተሟጋቹ ግራ ገብቶት፣ «የኔታ፣ ረታሁ ወይስ ተረታሁ?» አለ። ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ በገበሬ አማርኛ ብቻ ፈረዱ።

በዓመቱ ሰሊሃ የምትባል የአልዩ አምባ ባልቴት አቤት አለች። የፊታውራሪ ገብረአብ ጭሰኞች ድንበር ገፍተው የጥጥ ማሳዋን አርሰውባታል። ፊታውራሪ ይህን ሲሰሙ፣ «ለወንበር ያበቃኋቸው እኔ መሆኔን አይርሱ» ብለው ላኩባቸው።

የኔታ ግን በበቅሎ ቁልቁለቱን ወርደው ማሳውን አዩ፤ እስላሙንም ክርስቲያኑንም ጎረቤት አስምለው ጠየቁ። ሁሉም ማሳው የሰሊሃ ነው አሉ።

በችሎቱ ቀን ፊታውራሪ መጥተው እንደ ልማዳቸው ከምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሰሊሃ ቆማለች።

«ጌታዬ ፊታውራሪ፣ ተሟጋች ነዎትና ይቁሙ» አሉ የኔታ።

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው። አለዚያ እሷም ትቀመጥ።»

የኔታ ዓይናቸውን አልሰበሩም። ፊታውራሪ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ከባልቴቷ ጎን ቆሙ። የኔታም ለሰሊሃ ፈረዱ።

«አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው!» አለች ሰሊሃ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዕንባዋን እየጠረገች።

ፊታውራሪ ይግባኝ ብለው ግቢ ድረስ ሄዱ። ፍርዱ ጸና። የኔታ ይሻራሉ ብሎ አገሩ ሁሉ ሲጠብቅ፣ ፊታውራሪ በግብር ማዕድ ላይ ስለዚሁ ነገር ተጠይቀው፣ «ከጽዱ ሥር ሲያስተምሩ የሰማሁትን ነው የፈረዱብኝ። ሌላ ቢፈርዱ ነበር የማዝነው» አሉ።

ወሬው አንኮበር ሲደርስ ዘርፈሽዋል እልል አሉ። የኔታ ግን በማግስቱ እንደ ወትሮው ማልደው ወደ ችሎት ሄዱ፤ ተማሪዎቻቸውም ተከትለዋቸው ሙግት እየሰሙ ሕግ ተማሩ።