በሙሉ ታንክ ወደ አንበሳሜ

ዛሬ ጠዋት መኪናዬን እንደ በቅሎ ቀለብኋት። ሩቅ መንገድ የምትሄድ በቅሎ ሌሊቱን ገብስ ጠግባ ታድራለች፤ አባቴ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። እኔም ለአንበሳሜ መንገድ ብዬ ታንኩን እስከ አፉ አስሞላሁ። አልበቃኝም፤ ነዳጅ በጠፋ ሰሞን ያጠራቀምኋቸውን ሁለት ጀሪካን ቤንዚን ከኋላ ጫንሁ። ጠግባ ትበራለች ብዬ ነው። በቅሎ የበላችው ጉልበት እንደሚሆናት፣ መኪና ግን የጠጣችውን በሆዷ ተሸክማ ዳገት እንደምትወጣ እስከዚህ ዕድሜዬ አልገባኝም ነበር። ጢም ዕውቀት ቢሆን ኖሮ ፍየልም ዳኛ በሆነች።

የምንሄደው ለቀብር ነበር። ፋብሪካ ውስጥ አብሮኝ ያረጀው፣ ጡረታ ሲወጣ ወደ ትውልድ አገሩ አንበሳሜ የተመለሰው ጓደኛዬ ትናንት አረፈ። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነው ተባለ። እንደ እኔ እዚሁ ባሕር ዳር የምትኖረው እህቱ ማታውን ደውላ፣ “አያ፣ ወንድሜን ሳልሰናበተው እንዳይቀብሩብኝ፤ አደራዎን” አለችኝ።

“በጊዜ አደርስሻለሁ፣ እቴ” አልኋት።

የራሴም ጉዳይ ነበረኝ። ጓደኛዬና እኔ ከሥራ ስንወጣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን የደንገል ታንኳዎችን እናይ ነበር። “እያት” ይለኛል፣ “ውሃ እየጠጣች ትከብድና በመጨረሻ እርጥብ ሣር ሆና ትቀራለች። አንተም እንደሷ ነህ፤ የጠጣኸውን አትለቅም።” ይህን ሲል ሆዴን ነው የሚያየው። ከዚያ ወሬው ወደ ሞት ይዞራል። የቀረው የሄደውን በእጁ አፈር ሊያለብሰው ተባብለናል። “አንተ እንኳ ለቀብሬም ትዘገያለህ” ብሎ ይስቅብኛል። እኔም እስቃለሁ። ቀልድ መስሎኝ።

እህቱ ከፊት ተቀመጠች። ከኋላ ጎረቤቴ አለ፤ ኮሌጅ ውስጥ የሚሠራ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። ከእሱ ጋር ሁለት የእድር ሴቶች ተጠጋግተዋል፤ እግራቸው ሥር ለልቅሶው ቤት የተያዘ የዱቄት ከረጢት አለ። የቤንዚኑ ሽታ ስለከበዳቸው ሴቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። የዓባይን ድልድይ አልፈን ሜዳውን ስንይዝ መኪናዋ አላሳፈረችኝም። ፍሬን ስይዝ ብቻ እንደ ጆሮ ደንቆሮ ቆይታ ነው የምትሰማኝ። እኔ ግን እርጅናዋ ነው ብዬ አለፍሁት።

ሐሙሲት ላይ ታጥፈን ትንሽ እንደሄድን ዳገቱ መጣ። ሦስተኛ ማርሽ እምቢ አለች፤ ሁለተኛም እምቢ፤ በአንደኛ እያቃሰተች ትሳብ ጀመር። “አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ ውጪልኝ” ብዬ ለመንኋት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እህቱ አጠገቤ መቀመጧ ትዝ ያለኝ። ምላሴን ነከስሁ። ወዲያው የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ወጣ፤ ከፊት ጭስ የመሰለ ነገር ወጣ። ቆምን።

ጎረቤቴ ወርዶ የኋላውን ከፈተ። “ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ትንሽ ቤንዚን።”

“ታንኩስ?”

“ሙሉ ነው።”

“ለአንበሳሜ? ሱዳን ሊገቡ ነው እንዴ?” አለና ጀሪካኑን በእጁ መዘነው። “ታንኩ አንድ ሙክት በግ ያህላል፤ እነዚህ ደግሞ ሌላ ሙክት። እርስዎ ደግሞ…” ሆዴን አየና ጀሪካኑን መልሶ አስቀመጠ። ጨዋ ነው።

“እኔ ወይፈን ነኝ” ብዬ ጨረስሁለት።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን፤ ውሃ ጨመርን። ሰዓቱ ሄደ። እህቱ መንገዱን ብቻ ታያለች። ጎረቤቴ ጀሪካኖቹን ከመንገዱ ራቅ ብላ ለምትታየው ጎጆ አደራ እንስጣቸው አለ።

“በዚህ ዘመን ቤንዚን አደራ ይሰጣል?” አልሁት።

ያን ጊዜ እህቱ ፊቷን ሳታዞር፣ “አያ” አለችኝ፣ “በቅሎ ዳገት ስትወጣ ጌታዋ ይወርድላታል። አባትዎ ይሄን አላሳዩዎትም?”

አሳይቶኛል። ገብሱን ይዤ ይሄኛውን ረስቼ ነው። ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጠሁና ከነጀሪካኖቼ ወረድሁ።

“አድርሼያቸው ወዲያው እመለስልዎታለሁ” አለኝ።

ዳገቱን እንደ ፌንጣ ወጣችው። አንድ ሽማግሌና ሁለት ጀሪካን ስንወርድላት፣ ያች አሮጊት ልጃገረድ ሆነች። እኔ አንዱ ጀሪካን ላይ ተቀመጥሁ። አንድ ገበሬ አህያውን እየነዳ መጣ።

“አባቴ፣ ይሸጣል?”

“አይሸጥም።”

“ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ?”

“እጠብቀዋለሁ።”

“ማን ሊወስደው?” ብሎ ግራ ቀኙን አየ። ሰው የለም። ከሁለታችንና ከአህያው በቀር ማንም አልነበረም። እየሳቀ ሄደ። ጥላዬ እግሬ ሥር ገባ፤ ስድስት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። አሁን እያወረዱት ነው አልሁ በልቤ። ተነሥቼ ቆምሁ፤ ባርኔጣዬንም አወለቅሁ። ለማን እንደሆነ እንጃ።

ጎረቤቴ ሲመጣ ቶሎ አልወረደም።

“ደረሰች?”

“ደረሰች፤ ስንገባ ሊያወርዱት ነበር፤ ሳጥኑን አቅፋ አለቀሰች።”

“አፈሩስ?”

“ሁሉም አለበሱት፣ ጋሼ።”

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስደርስ መቃብሩ ላይ ድንጋይ ተደርድሮበታል። ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ አፈር ዘገንሁ፤ የማፈስበት ክፍት ቦታ ግን አጣሁ። ልቅሶው ቤት ውስጥ እህቱ እጄን ይዛ፣ “እኔን አድርሰውኛል፣ አያ። አይዘኑ” አለችኝ። ብትሰድበኝ ይቀልለኝ ነበር።

ማታ ስንመለስ የነዳጁ መርፌ ከሙሉው ብዙም አልወረደም። ጀሪካኖቹ ይኸው በረንዳ ላይ ናቸው። አፈሩን በመሐረብ ቋጥሬ መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ለአርባው እሄዳለሁ፤ ታንኩን አጋምሼ፣ ጀሪካኖቹን ትቼ። ድንጋዩን ግን ማን ያነሣልኛል? ያቺ አንድ እፍኝ አፈር አለችብኝ።