ቢልቂስ የመረጠችው ካንዴላ

ቢልቂስ የጅማ ልጅ ናት። ዲቪ ደርሷት ስትመጣ ኤርፖርት ጽዳት ገብታ ነበር፤ ኋላ ግን አንድ ያገለገለ የሣር ማጨጃ ማሽን ገዝታ ባሕር ዳር ባለችው ቡሪየን ከተማ የራሷን የሣር አጨዳ ሥራ አቆመች። ሞተር ፈትቶ መግጠም ያስተማሯት እዚያው አጠገብ ዋይት ሴንተር በሚባል ሰፈር ትንሽ ጋራዥ ያላቸው ጋሼ ሙላው ናቸው። ጋሼ ሙላው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያረጁ፣ ሞተርን በድምፁ የሚያውቁ፣ የሚወዱትን ሰው ሳይሰድቡ የማይውሉ ሰው ናቸው።

አንድ ቀን አንድ ሰፊ የአፓርታማ ግቢ ለሙከራ ተሰጣት። የግቢው ሥራ አስኪያጅ፣ «ዛሬ ከጨረስሽው የዓመቱ ሥራ ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ለሌላ እሰጣለሁ» አለቻት። ታዲያ ገና ግማሹን ሳታደርስ ማሽኑ እየጋለ ጉልበቱ ከዳው፤ ተንኳኳ፣ ተንኳኳና ቀጥ አለ።

እስኪበርድ ጠብቃ ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚያስነሣውን ካንዴላ ፈታችው። በዋዜማው ስለዚህ ግቢ ስትነግራቸው ጋሼ ሙላው በገዛ እጃቸው የገጠሙት ነው። ቡናማ መሆን የነበረበት ጫፉ ኖራ የተቀባ ይመስል ነጥቷል። ሲጠቁር ቤንዚን በዝቷል፣ ሲነጣ ሙቀት በዝቷል ብለው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ኮል አደረገችላቸው።

«ጋሼ፣ ካንዴላው ነጥቷል።»

«እኔ የገጠምኩት? ሂጂ ዓይንሽን ታጠቢ!»

«ታጥቤያለሁ። ሙቀት የሚይዘውን፣ ሞቃቱን ነው የገጠሙልኝ አይደል?»

«ታዲያስ! ዕድሜ ልኬን የምገጥመው እሱን ነው። ጥላሸት አይዝም።»

«እሱ እኮ አዲስ አበባ ነው ጋሼ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ይተርፋል፤ ሞቃቱ ካንዴላ ጥላሸቱን ያቃጥለዋል። እዚህ ባሕሩ አጠገብ ነን፤ አየሩ ወፍራም ነው፣ ቤንዚኑ በደንብ ይነዳል። ሞቃቱ ሞተሩን ከልክ በላይ አጋለብኝ።»

 ቢልቂስ በገዛ ንግግሯ ደነገጠች፤ ሥራውም ሰውዬውም በአንድ ቀን ሊያመልጧት ሆነ።

«ሶ፣ አሁን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

«ያስተማሩኝን ነው መልሼ የነገርኩዎት።»

«ምላሱን ግን እኔ አላስተማርኩሽም!» ስልኩ ተዘጋ።

ቅርብ ወዳለው የመለዋወጫ ሱቅ በረረች። ሻጩ ዋጋው ከሁሉ የሚወደደውን አውጥቶ፣ «ይሄ ጫፉ አይሪዲየም የሚባል ብረት ነው፤ ዕድሜው ረጅም ነው» አላት። አሮጌውን ከአዲሱ አጠገብ አቆመችና የሚጠመዘዙበትን ጥርሳቸውን አስተያየች፤ ጥርሱ ከረዘመ ፒስተኑን ይመታል። ልኩ ትክክል ነበር። የሙቀት ቁጥሩ ግን ያው የሞቃቱ ነው። ቁጥሩ በየፋብሪካው ስለሚለያይ የሞተሩን ሞዴል ነግራ በኮምፒውተር አስፈለገችው፤ ቀዝቀዝ ያለው ተራ ካንዴላ ተገኘ። እሱን ይዛ ወጣች።

ስትመለስ የጋሼ ሙላው አሮጌ ቶዮታ ግቢው በር ላይ ፓርክ ተደርጎ ቆሟል። እሳቸውም ቱታቸውን እንደለበሱ የነጣውን ካንዴላ ከእጇ ወስደው ወደ ፀሐይ አንስተው አገላበጡት።  እሷም አዲሱን ጥርሱ እንዳይበላ መጀመሪያ በጣቷ፣ ቀጥሎ በመፍቻ አጠበቀችውና ገመዱን ሳበች። ሞተሩ ተነሣ፤ ድምፁም ለስላሳ ነበር። ጋሼ ሙላው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት፤ ከዚያ መኪናዋ ላይ የነበረውን መጥረጊያ አንስተው የታጨደውን ሣር ከኋላዋ ይሰበስቡ ጀመር።

«ኧረ ጋሼ፣ ተዉት! ወገብዎን!»

«እጨጂ! ወገቤን ማን ጠየቀሽ?»

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጇ ግቢውን ዞራ አየችና የቢልቂስን እጅ ጨበጠች፤ ሥራው የእሷ ሆነ። ሽማግሌውንም፣ «አባቷ ነህ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ኖ» አሉ ጋሼ ሙላው ደረታቸውን ነፍተው፣ «ዛሬ ሠራተኛዋ ነኝ።»

ቢልቂስ ማሽኑን ስትጭን እሳቸው ለመካኒክ ጓደኛቸው ለበዛብህ ስልክ ደውለው ግቢው እስኪሰማ ይጮኻሉ፤ «ስማ፣ ያቺ ተማሪዬ ተሳስተሃል አለችኝ! አዎ፣ እኔን! በካንዴላ! ደግሞ ልክ ነበረች! አንተ መቼ እንዲህ ያለ ሰው አስተምረህ ታውቃለህ?»